ዳዋ የወረሰውን መሬት በትራክተር ለማጨድ ስንት ይጠየቃል?

ደንበኛ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «በኤከር ስንት ነው?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ ያለው መልሱ ላይ ነው። በየዓመቱ የሚታጨድ አምስት ኤከር ሜዳ እና ለዓመታት ሰው ያልረገጠው አምስት ኤከር ዳዋ በወረቀት ላይ እኩል ናቸው። ትራክተሩ ላይ ስትወጡ ግን አንዱ ከምሳ በፊት ያልቃል፣ ሌላው ሁለት ቀን ይፈጃል። ስለዚህ መሬቱን ሳያይ በስልክ የኤከር ዋጋ የሚቆርጥ ሰው ወይ ራሱን ይጎዳል፣ ወይ ደንበኛውን ይጎዳል።

ይህን የምጽፈው እዚህ አሜሪካ፣ በተለይ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ፣ አነስተኛ ትራክተር ገዝታችሁ ይህን ሥራ ለጀመራችሁ ወይም ለመጀመር ለምታስቡ ነው። መሬት ገዝታችሁ አጫጅ ለምትፈልጉም ይጠቅማል። የተሰጣችሁ ዋጋ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ፤ ውድ የመሰላችሁም አንዳንዴ ውድ እንዳልሆነ ታያላችሁ።

መጀመሪያ ስለ ማሽኑ ትንሽ። ማጨጃው ከትራክተሩ ኋላ ይታሰራል። ጉልበቱን የሚያገኘው ከትራክተሩ በካርዳን፣ ማለትም በሚዞር ማያያዣ ዘንግ ነው። ካርዳኑ የሚገጠምበት ዘንግ ፒቲኦ ይባላል፤ በአነስተኛ ትራክተሮች ላይ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል። አሜሪካኖች ማጨጃውን ቡሽ ሆግ ይሉታል። የግቢ ሳር እንደሚያጭደው ማሽን በስል ስለት አይቆርጥም። ወፍራም ብረት በኃይል እየመታ ነው የሚሰባብረው። ለዚህ ነው የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ችግኝ ላይ ብዙ ሳይቸገር የሚያልፈው። አቅሙ ግን ልክ አለው። ቀላሉ ዓይነት ባብዛኛው እስከ 1 ኢንች ውፍረት ላለው ግንድ የተሠራ ነው፣ መካከለኛው እስከ 2 ኢንች፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ከባዱን ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ ጫማ የማጨጃ ስፋት ደግሞ ፒቲኦው ላይ 5 የፈረስ ጉልበት ያስፈልጋል የሚል የቆየ መለኪያ አለ፤ 5 ጫማ ማጨጃ ቢያንስ 25 ይፈልጋል ማለት ነው። ዳዋው ከጠና ተጨማሪ ጉልበት አይጠላም።

ዋጋው ሰዓት ነው

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የምትሸጡት ኤከር አይደለም፤ የራሳችሁንና የማሽናችሁን ሰዓት ነው። አያቶቻችን መሬት በጥማድ ሲለኩ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰውን ነበር የሚያስቡት። ለእኛ ሥራ ከኤከር ይልቅ ያ አስተሳሰብ ይበጃል።

ሰዓቱን ለማወቅ ቀላል ሂሳብ አለ። አንድ ኤከር 43,560 ካሬ ጫማ ነው፣ 4,047 ካሬ ሜትር ገደማ። አንድ ማይል 5,280 ጫማ ነው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስታካፍሉ 8.25 ይመጣል። ይህችን ቁጥር ያዟት። የማጨጃውን ስፋት በጫማ፣ ፍጥነቱን በሰዓት ማይል ወስዳችሁ ታባዛላችሁ፤ ውጤቱን ለ8.25 ታካፍላላችሁ። የሚወጣው በሰዓት ስንት ኤከር እንደምታጭዱ ነው።

ግን ይህ ትራክተሩ አንዴም ሳይዞር፣ ሳይቆም፣ መስመር በመስመር ላይ ሳይደርብ ቢሄድ ነው። እንዲህ ዓይነት መሬት የለም። ጥግ ላይ ትዞራላችሁ፣ ዛፍ ትዞራላችሁ፣ ሳይታጨድ የሚቀር ሪጋ እንዳይኖር ትንሽ ትደርባላችሁ፣ ሐረግ ካርዳኑ ላይ ሲጠመጠም ሞተር አጥፍታችሁ ትወርዳላችሁ። ስለዚህ ውጤቱን ትቀንሳላችሁ፤ ለደህና ሜዳ 80 በመቶውን፣ ለተበላሸ መሬት እንደ ክፋቱ ከ65 እስከ 75 በመቶውን ብቻ ትወስዳላችሁ።

በ5 ጫማ ማጨጃ አምስት ኤከር እንውሰድ። መሬቱ በየዓመቱ የሚታጨድ ከሆነ በሰዓት 4 ማይል መሄድ ትችላላችሁ። አምስት ሲባዛ አራት፣ ሲካፈል ለ8.25፣ ከዚያ 80 በመቶው፤ በሰዓት 1.94 ኤከር ይሆናል። አምስቱ ኤከር ሁለት ሰዓት ተኩል በለጥ ብሎ ያልቃል። ሁለት ሦስት ዓመት የተተወ ከሆነስ? ሳሩ ደረት ደርሷል፣ እሾሁ ተጀምሯል፣ መሬቱ አይታይም። 2 ማይል ትሄዳላችሁ፣ 75 በመቶ ትወስዳላችሁ፤ በሰዓት 0.91 ኤከር። አምስት ሰዓት ተኩል ነው። ሦስተኛው ችግኝ የወረረው፣ የጽድ ቡቃያና ባለ እሾህ የዱር ጽጌረዳ የሞላው ነው። እዚያ 1 ማይል ከሄዳችሁ ጥሩ ነው፤ 65 በመቶ ብትይዙ በሰዓት 0.39 ኤከር ይመጣል። ወደ 13 ሰዓት ገደማ ነው። ያውም አንዴ አልፋችሁበት ከበቃ ነው።

እዩት እንግዲህ። ያው አምስት ኤከር፣ ያው ማሽን፣ ያው ሰው፤ ልዩነቱ አምስት እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረው። «በኤከር ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን የማይመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

የእናንተ አንድ ሰዓት ስንት ያስወጣል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ናፍጣውን ይቆጥራል፣ የቀረውን ትርፍ ይለዋል። ትራክተሩ ግን በየሰዓቱ እያረጀ ነው። ጎረቤቱ 60 ዶላር ስለሚጠይቅ እሱም 60 ይጠይቃል፤ የጎረቤቱ ትራክተር ከአባቱ የወረሰው እንደሆነ፣ መንገዱም አሥር ደቂቃ ብቻ እንደሆነ አያስብም።

በምሳሌ እንሥራው፤ ቁጥሮቹን እናንተ በራሳችሁ ተኩ። ያገለገለ ትራክተር፣ ማጨጃና ተሳቢ በአንድ ላይ 30,000 ዶላር ፈጁ እንበል። ከ8 ዓመት በኋላ 14,000 ይሸጣሉ ብላችሁ ገመታችሁ። 16,000 ዶላር በ8 ዓመት ውስጥ ያልቃል ማለት ነው፣ በዓመት 2,000። ገንዘቡ ደግሞ ወይ ብድር ነው ወይ ሌላ ቦታ ቢቀመጥ ወለድ የሚያመጣ ነው። በእነዚህ ዓመታት በአማካይ 22,000 ዶላር ማሽኑ ውስጥ ታስሯል፤ 7 በመቶ ብትይዙለት 1,540 ነው። ኢንሹራንስ በዓመት 1,600 እንበል። ድምሩ 5,140 ዶላር ነው። ይህ ትራክተሩ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ቢውልም የሚወጣ ነው።

በዓመት 200 ሰዓት ካጨዳችሁ፣ ይህ ወጪ በሰዓት 25.70 ዶላር ይደርሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ሠርታችሁ 80 ሰዓት ከሆነስ? 64.25 ዶላር። የትርፍ ሰዓት አጫጆች ወጪያችን ትንሽ ነው ብለው ሲያስቡ እውነቱ የዚህ ተቃራኒ ነው። ጥቂት ሰዓት የሚሠራ ማሽን በሰዓት ሲታሰብ ውድ ማሽን ነው።

ቀጥሎ ሲሠራ ብቻ የሚወጣው ይመጣል። ናፍጣን ለመገመት የግብርና መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት ቁጥር አለ፤ ለአንድ የፒቲኦ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.044 ጋሎን። 35 ለሆነ ትራክተር ወደ 1.5 ጋሎን ይመጣል። ዳዋ ውስጥ ሞተሩ ስለሚጨነቅ 2 ጋሎን ያዙ፤ ጋሎኑ 4 ዶላር ከሆነ 8 ዶላር ነው። (ቀይ ቀለም የተጨመረበት ከመንገድ ውጪ ላለ ሥራ የሚሸጠው ናፍጣ የመንገድ ታክስ የለበትም፤ የፌዴራሉ ታክስ ብቻ በጋሎን 24.4 ሳንቲም ነው። ለትራክተሩ ተጠቀሙበት። ፒካፑ ውስጥ ግን እንዳታስገቡት፣ ቅጣቱ ከባድ ነው።) ለጥገና፣ ለዘይት፣ ለግሪስ፣ ለማጨጃ ብረትና ለጎማ 10 ዶላር እንመድብ። እሾህ የበዛበት መሬት ጎማ ይበላል፣ ስለዚህ ይህችን አትንኳት።

የእናንተ ድካምስ? 35 ዶላር እንበል። ትልቅ እንዳይመስላችሁ። በራሳችሁ ስም ስትሠሩ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፈለው 15.3 በመቶ ሙሉውን በእናንተ ላይ ነው፤ ግማሹን የሚከፍል አሠሪ የለም። የገቢ ግብሩ ከዚያ በላይ ነው።

ስምንት፣ አሥርና ሠላሳ አምስት 53 ይሆናል። 25.70 ሲጨመርበት 78.70። ይህ ትርፍ የሌለበት ወጪ ነው። የክረምት ወር አለ፣ ማርሽ ሳጥኑ የሚሰበርበት ቀን አለ፣ የማይከፍል ደንበኛ አለ። 20 በመቶ ስትጨምሩ 94 ዶላር ከምናምን ይመጣል፤ 95 በሉት።

በዚህ ሰዓት ዋጋ ወደ ሦስቱ መሬቶች እንመለስ። የመጀመሪያው 245 ዶላር ገደማ፣ ሁለተኛው 520 ገደማ፣ ሦስተኛው 1,200 ገደማ። በኤከር ስታስቡት 49፣ 105 እና 241 ዶላር ማለት ነው። ሦስቱም ትክክለኛ ዋጋ ናቸው።

መንገዱን ማን ይከፍላል?

እስካሁን ያሰብነው ትራክተሩ መሬቱ ላይ ከደረሰ በኋላ ያለውን ነው። ተሳቢ ላይ መጫን፣ በሰንሰለት ማሰር፣ መንዳት፣ ማውረድ፣ ጨርሶ መልሶ መጫን፤ ይህ ሁሉ ሥራ ነው። መሬቱ 40 ማይል ቢርቅ ደርሶ መልስ 80 ነው። የፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት በ2025 ለአንድ ማይል የንግድ ጉዞ 70 ሳንቲም ይቀበል ነበር፤ ያ ተሳቢ ለማይጎትት ተራ መኪናም ያው ነበር። ትራክተር ስትጎትቱ 1 ዶላር ብትይዙ አልበዛም። 80 ዶላር። መንዳቱ ሁለት ሰዓት፣ መጫንና ማውረዱ በድምሩ አንድ ሰዓት፤ ሦስት ሰዓት በ35 ዶላር 105 ነው። አንድ ሣር ሳይታጨድ 185 ዶላር ወጥቷል።

ስለዚህ ግማሽ ኤከር የሆነች ቦታ፣ የአንድ ሰዓት ሥራ፣ 280 ዶላር ትሆናለች። ደንበኛው በኤከር ካሰበው 560 ሊሆን ነው፣ ይደነግጣል። ግን ሂሳቡ ትክክል ነው። ለዚህ ነው መነሻ ዋጋ የሚያስፈልገው፤ «መሬቱ የፈለገውን ያህል ትንሽ ቢሆን ከዚህ በታች አልወጣም» የሚባል ዋጋ። በስልክ ልትናገሩ የምትችሉት ብቸኛ ቁጥርም ይኸው ነው። መነሻውን ሰምቶ «በቃ ተወው» የሚል ሰው ነዳጃችሁን አተረፈላችሁ።

መንገዱን በምትቀንሱበት ላይ ግን ሐሳብ አለኝ። እዚያው አካባቢ ጎረቤት ካለ፣ በአንድ ቀን ሁለት ሦስት ቦታ ማጨድ ከተቻለ፣ መንገዱን ለሁለት ለሦስት አካፍሉትና ቅናሹን ለደንበኞቹ ስጧቸው። ደንበኛው ራሱ ጎረቤቱን ያመጣላችኋል።

ሌላም ነገር አለ። ትራክ የምትነዱ የክብደቱን ሕግ ታውቁታላችሁ፣ ሌሎቻችሁ ግን ልብ በሉ። ፋብሪካው ለፒካፑና ለተሳቢው የመደበው ከፍተኛ ክብደት በአንድ ላይ 26,001 ፓውንድ ከደረሰና የተሳቢው ብቻውን ከ10,000 ካለፈ ሲዲኤል (የንግድ መንጃ ፈቃድ) ያስፈልጋል። ከዚያ በጣም ባነሰም፣ በ10,001 ፓውንድ፣ ለንግድ ሥራ የስቴት ድንበር ከተሻገራችሁ የፌዴራል የትራንስፖርት ቁጥር ይጠየቃል። ከሜሪላንድ ተነስቶ ቨርጂኒያ ማጨድ ድንበር መሻገር ነው። ይህም ወጪ ነው፣ ዋጋው ውስጥ ይግባ።

በእግር ሳትዞሩ ዋጋ አትቁረጡ

ስፋቱን ከካውንቲው የመሬት ካርታ ወይም ከሳተላይት ፎቶ ላይ መለካት ይቻላል። የግብር ወረቀቱ ላይ ያለውን ስፋት ብቻ አትመኑ፤ እሱ ቤቱንም፣ ጫካውንም፣ ኩሬውንም ይጨምራል። ደንበኛው «አሥር ኤከር ነው» ይላል፣ የሚታጨደው ስድስት ሊሆን ይችላል።

ግን ከሳተላይት የማይታየው ነው ብር የሚያስወጣው። ዳዋ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው በእግሩ የገባ ብቻ ነው። የወደቀ አጥር ሽቦ ዋነኛው ጠላት ነው፤ አንዴ ማጨጃው ላይ ከተጠመጠመ መቀስ ይዞ ከሥር ገብቶ መፍታት ነው፣ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ተቆርጦ የቀረ ጉቶ አለ። ማንም የረሳው የብረት ካስማ፣ አሮጌ ጎማ፣ የውኃ ጉድጓድ ቧንቧ፣ የሴፕቲክ ክዳን፣ የስልክና የኬብል ሳጥን አለ። የአይጥ ዘር የሆነው ግራውንድሆግ የሚቆፍረው ጉድጓድ የፊት ጎማ ይውጣል። መሬት ውስጥ የሚኖሩ ተርቦች ቤት ላይ ከሄዳችሁ ከትራክተር ዘላችሁ ነው የምትሮጡት፤ መዝለሉ ደግሞ ራሱ አደገኛ ነው። ፖይዝን አይቪ የሚባለውን ቆዳ የሚያሳክክ ሐረግ መለየት ተማሩ፣ ሲታጨድ ጭማቂው ይረጫል።

ስለዚህ ረጅም ሱሪና ቡት አድርጋችሁ ዙሩ። ባለቤቱ አብሯችሁ ይዙር፣ እሱ የሚያውቀውን ይንገራችሁ። ያገኛችሁት አደገኛ ነገር ላይ ደማቅ ሪባን እሰሩ። የችግኞቹን ውፍረት በእጃችሁ ያዙና እዩ፤ ማጨጃችሁ ከሚችለው በላይ ከሆነ ያ የእናንተ ሥራ አይደለም፣ ዛፍ የሚፈጭ ሌላ ከባድ ማሽን ያለው ሰው ሥራ ነው። ፎቶ አንሱ። ብዙ ፎቶ።

ተዳፋቱንም እዩ። አሜሪካ እርሻ ላይ ሰው ከሚሞትባቸው ምክንያቶች ዋነኛው የትራክተር መገልበጥ ነው። መከላከያ ቅስት የሌለው ትራክተር ዳገት ላይ አይሠራም፤ ቅስቱ ካለም ቀበቶ ካልታሰረ ዋጋ የለውም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ዋጋ አትጨምሩ። እምቢ በሉ። በዶላር የሚካካስ አደጋ አይደለም።

ወቅቱም ዋጋውን ይለውጠዋል። መሬቱ ሲረጥብ ጎማው ቦይ ያወጣል፣ ደንበኛውም ይቆጣል። በጋ ላይ ሳሩ ሲደርቅ ብረቱ ድንጋይ ከመታ ፍንጣሪ ይወጣል። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ይህን ከማንም በላይ ታውቃላችሁ፤ የስቴቱ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ሳር ከጠዋቱ 10 ሰዓት በፊት (በአበሻ አቆጣጠር አራት ሰዓት) እንዲታጨድ፣ ነፋስ ባለበትና በጣም በደረቀ ቀን ጨርሶ እንዳይታጨድ ይመክራል። እንዲያ ከሆነ ሥራው በሁለት ሦስት ጠዋት ተከፋፍሎ መንገዱ ይደጋገማል፤ መንገዱ ከተደጋገመ ዋጋው ይጨምራል። ሲአርፒ በሚባለው፣ መሬት ከእርሻ እንዲያርፍ መንግሥት ለባለቤቱ በሚከፍልበት የፌዴራል ፕሮግራም የተመዘገበ መሬት ከሆነም ወፎች በሚፈለፍሉበት ወቅት ማጨድ ስለማይፈቀድ ባለቤቱን ቀድማችሁ ጠይቁ።

በሰዓት፣ በኤከር ወይስ በቁርጥ?

በሰዓት ማስከፈል ለአጫጁ ይመቻል፣ ደንበኛው ግን ይሰጋል፤ ቀስ ብሎ ሰዓት ይቆጥርብኛል ይላል። በቁርጥ ደንበኛው ይረጋጋል፣ ያልታየ ሽቦና ጉቶ ግን በአጫጁ ኪሳራ ይወጣል። የኤከር ዋጋ የሚያስኬደው ሰፊ፣ ክፍት፣ በየጊዜው የሚታጨድ ሜዳ ላይ ነው።

እኔ የምመክረው እንዲህ ነው። ሂሳቡን በሰዓት ሥሩ፣ ለደንበኛው ግን በቁርጥ ንገሩ። 95 ዶላር በሰዓት ሲባል ሰው ከራሱ ደመወዝ ጋር ያወዳድረዋል፤ «ይህን ሁሉ በሰዓት?» ይላል። «ይህን ቦታ በ700 ዶላር እጨርሳለሁ» ሲባል ግን ከሥራው ጋር ያወዳድረዋል። ውስጡ የማይታይ ጥቅጥቅ ያለ ዳዋ ከሆነ ብቻ በሰዓት ተስማሙ፣ ጣሪያ አበጁለት። «በሰዓት 95፣ ከ1,300 አይበልጥም፤ 1,300 ከመድረሱ በፊት ካላለቀ ቆሜ እደውላለሁ» ማለት ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ ነው።

የሚታተሙ የዋጋ ጥናቶችም አሉ። የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ገበሬዎች ለእርሻ ሥራ የሚከፍሉትን ጠይቆ ያወጣል፤ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲም ተመሳሳይ ጥናት አለው። በነፃ ይገኛሉ፣ እዩዋቸው። ግን ባብዛኛው ገበሬ ለገበሬ ጎረቤቱ ሰፊ ማሳ ላይ የሚሠራበት ዋጋ ነው። ያንን ወስዶ ከተማ ዳር ያለች ዳዋ የሞላባት ሁለት ኤከር ላይ ማስላት መክሰር ነው።

የሚቸኩል ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ ምክንያቱን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ከካውንቲው ደብዳቤ መጥቶበት ነው። ለምሳሌ ፌርፋክስ ካውንቲ ከግማሽ ኤከር ባነሰ የመኖሪያ ቦታ ላይ ሳር ከ12 ኢንች እንዳያልፍ ይከለክላል። ፕሮግራማችሁን አፍርሳችሁ ነገ የምትሄዱለት ከሆነ ትንሽ መጨመር ነውር አይደለም። የሰውን ጭንቀት አይቶ እጥፍ መጠየቅ ግን ነውር ነው።

ይሉኝታ

ይህ በኛ መካከል ያለ ነገር ስለሆነ በግልጽ ልናገር። ሀበሻ ለሀበሻ ሲሠራ ዋጋ መናገር ያሳፍረናል። «አንተ የምታውቀውን ስጠኝ» እንላለን፤ እሱም «ኧረ ወንድሜ፣ አስተካክልልኝ እንጂ» ይላል። ሁለቱም ዋጋውን ሳይነጋገሩ ሥራው ያልቃል፣ ከዚያ ቅሬታ ይመጣል። አጫጁ በልቡ ተበድሏል፣ ደንበኛው በልቡ ተበዝብዟል። ዝምድናው በ200 ዶላር ይበላሻል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቁጥሩን ቀድሞ መናገር፣ በቴክስት መላክ፣ «እሺ» የሚል መልስ መቀበል። መቀነስ ከፈለጋችሁ ቀንሱ፣ ደስ ይላል። ግን ሙሉ ዋጋውን ጽፋችሁ ቅናሹን ከሥሩ ለብቻው አሳዩ። 700 ጽፋችሁ 150 ብትቀንሱ ሰውዬው ለጓደኛው «700 የሚያወጣውን በ550 ሠራልኝ» ይላል። ዝም ብላችሁ 550 ካላችሁ ግን ዋጋችሁ 550 ሆኖ ይቀራል፣ የሚቀጥለውም ከዚያ እንድትቀንሱ ይጠብቃል።

የቤተ ክርስቲያን ግቢም እንዲሁ። በነፃ ማጨድ ትልቅ በረከት ነው፣ የቻለ ያድርግ። ግን የጊዜያችሁን ዋጋ እንደ ስጦታ ከግብር ላይ መቀነስ እንደማይቻል እወቁ፤ ሕጉ የሚፈቅደው ከኪሳችሁ ያወጣችሁትን፣ እንደ ናፍጣ ያለውን ብቻ ነው።

አሳንሶ የሚጠይቅ ሌላ አጫጅ ሲነሳባችሁ አትናደዱ። ደንበኛውን በትሕትና አንድ ነገር ጠይቁት፤ «ኢንሹራንስ አለው?» የማጨጃ ብረት ጫፍ በሰዓት 150 ማይል ገደማ ይሄዳል። የማሽኖቹ መመሪያዎች ሰው 300 ጫማ ድረስ እንዲርቅ የሚያዙት ድንጋይ እንደ ጥይት ስለሚወጣ ነው። የጎረቤት መስኮት፣ የቆመ መኪና፣ ከሁሉ በላይ ልጅ። የቤት ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ ለንግድ የተሠራ ሥራን አይሸፍንም። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ርካሽ የሆነው አደጋውን ለባለ መሬቱ ስለተወለት ነው።

ከተስማማችሁ በኋላ አጭር ወረቀት ጻፉ። የሚታጨደው የትኛው ክፍል እንደሆነ፣ ሳሩ ስንት ኢንች ሆኖ እንደሚቀር (ከ4 እስከ 6 የተለመደ ነው፣ እንደ ግቢ ሳር ተላጭቶ አይቀርም)፣ የታጨደው እዚያው እንደሚተው፣ አጥር ሥርና ዛፍ ዙሪያ በእጅ ማሽን የሚሠራው ለብቻው እንደሚከፈል፣ ባለቤቱ ያልነገራችሁ የተደበቀ ነገር ማሽኑን ቢሰብር ማን እንደሚችለው። ሥራው ከአንድ ቀን ካለፈ ቀብድ ተቀበሉ። ቀሪው ባለቤቱ ዞሮ አይቶ ሲጨርስ፣ እዚያው፣ ተሳቢው ላይ ሳትጭኑ።

በደንብ የሚከፍል ሥራ የሚገኘው ደግሞ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ነው። ዳዋውን ካጸዳችሁ በኋላ ለባለቤቱ ሂሳቡን አሳዩት፤ መንገዱን ሳይጨምር ዘንድሮ 1,200 የከፈለበት አምስት ኤከር በየዓመቱ ከታጨደ 245 ዶላር ነው። ሦስት ዓመት ከተተወ እንደገና ወደ ላይ ይወጣል። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ እንድትመጡ ከተስማማ እሱ ይቆጥባል፣ እናንተም ውስጡን የምታውቁት፣ ሽቦና ጉቶው የተለቀመ መሬት ታገኛላችሁ። እንዲህ ያሉ ደንበኞች ሲበዙ የዓመቱ ሰዓት ከ80 ወደ 200 ይጠጋል፣ የቆመ ማሽን ወጪውም በሰዓት ከ64 ዶላር ወደ 26 ይወርዳል።

ትራክተሩ ውስጥ ትንሽ ደብተር ይኑራችሁ። በየሥራው የገባችሁበትን ሰዓት፣ የወጣችሁበትን፣ የኤከሩን ስፋት፣ ምን ዓይነት ዳዋ እንደነበረ፣ የተሰበረውን ብሎን፣ የፈጀውን ናፍጣ ጻፉ። ከጎኑ መጀመሪያ የገመታችሁትን ሰዓት። ግምቱ ሁልጊዜ ካነሰ ፍጥነታችሁን ዝቅ አድርጋችሁ አስሉ፣ ሁልጊዜ ከበዛ ዋጋችሁን ለመቀነስ ቦታ አላችሁ። የኔን 95 ጥላችሁ የራሳችሁን ቁጥር የምታገኙት ከዚያ ደብተር ነው።